እጇ ይባረክ! ለወረቀት ጠጋኟ ምስጋና

ለንደን አካባቢ ያላችሁ ወገኖች፣ የተጎዳ አሮጌ ሥዕል ወይም የቤተሰብ ሰነድ ማስጠገን ከፈለጋችሁ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ።

ይዤላት የሄድኩት ለዓመታት የተንከባከብኳቸው አዛውንት ትተውልኝ ያለፉትን የህትመት ሥዕሎች ነው። ከጥንት ግሪክ ሸክላዎች ላይ ተገልብጠው፣ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። የሸክላዎቹ ባለቤት ከ1764 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በናፖሊ የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሰር ዊልያም ሃሚልተን ነው። የመጀመሪያ ስብስቡን ብሪትሽ ሙዚየም በ1772 ገዝቶታል። የኔዎቹ ከሁለተኛው ናቸው፤ ጀርመናዊው ሠዓሊ ቲሽባይን ከ1791 ጀምሮ ካሳተመው። ከሸክላዎቹ ከፊሎቹ በ1798 ወደ እንግሊዝ ሲጓዙ ኮሎሰስ ከተባለችው መርከብ ጋር ሰጥመዋል።

አንድ ፍሬም ሠሪ ድሮ በኮላ ከካርቶን ጋር ለጥፏቸው፣ ጠርዛቸውን በስኮች አሽጎታል። ባለሙያዋ መጀመሪያ አጉሊ መነጽር ሰጥታ አሳየችኝ፦ ሰሌዳው ወረቀቱን ተጭኖ ያሰረጎደው ጠርዝ፣ ጥርት ያለ መስመር። አንደኛው ላይ ግን መስመሩ ጥቃቅን ነጥብ ሆኖ ተገኘ። በፎቶ የተባዛ ነው፣ ገንዘብሽን አታባክኚበት ብላ መለሰችልኝ። ዝም ብላ ብታስከፍለኝ ማን ያውቅባት ነበር?

ካርቶኑን በስለት እየላጠች አነሳችው። ከዚያ ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ ስታጥበው ልቤ ቆመ፤ ለካ የህትመቱ ቀለም ዘይት ስላለው አይለቅም። የለቀቀው ቆሻሻው ነው፣ ውሃው እንደ ሻይ ቀላ። የተቀደደውን በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ጠገነችው፤ ስታርቹ ነገ ሌላ ሰው ቢፈልግ በውሃ ይለቃል። ያልጠፋ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። በኬሚካል ላንጣው ብላ ወረቀቱን አልጎዳችም።

አንድ ሻጭ ደግሞ ቀለም ቢቀቡ ዋጋ ያወጣሉ ብሎኝ ነበር። እሷ እቅጩን «አልቀባም» አለች። የመጀመሪያው ስብስብ መጽሐፍ ቀለም የተቀባና ዋጋው የማይቀመስ ነበር፤ ሁለተኛውን ሃሚልተን ወጣት ሠዓሊዎች እንዲገዙት ብሎ በመስመር ብቻ ነው ያስቀረጸው። እኔም እንዲያውም ባዶውን ወደድኩት።

ርካሽ አይደለችም፣ ወረፋም አላት። ግን ሥራውን ከነዋጋው አስቀድማ ጽፋ ትሰጣለች። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የብራና መጽሐፍ ያላችሁ ግን አትልፉ፤ ብራና ሌላ ሙያ ነው ብላ ትመልሳችኋለች።