የይስሙላ ፍቅር፦ 25 ቅጽ፣ 16 ወይስ 11?

«ፍቅረኛ መስለን እንታይ» ተባብለው የሚጀምሩ ሁለት ሰዎች የት እንደሚደርሱ ሽፋኑን ያየ ሁሉ ያውቃል። ብራችንን የምናወጣው ለመንገዱ ነው። መንገዱም ቀርፋፋ ነው፤ እንቁላሉ እግር አውጥቶ እስኪሄድ መጠበቅ ያለ ነው። ሦስት ማንጋዎችን (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ናቸው) ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ግን ቀርፋፋነታቸው አንድ ዓይነት አልሆነልኝም። ልዩነቱ የሚመጣው ውሸቱን ከፈለገው ሰው ነው።

በጣም ታዋቂው የናኦሺ ኮሚ «ኒሴኮይ» ነው። ከ2011 እስከ 2016 በአውሮፓ አቆጣጠር በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ወጣ፤ ተሰብስቦ 25 ቅጽ ሆነ። ራኩ የያኩዛ (የጃፓን ማፊያ) አለቃ ልጅ ነው፣ ቺቶጌ ደግሞ የአሜሪካ ጋንግስተር ልጅ። ሁለቱ ቡድኖች እንዳይጫረሱ አባቶቻቸው «ለሦስት ዓመት ፍቅረኛ መስላችሁ ትታያላችሁ» ብለው ይፈርዱባቸዋል። ልጆቹ አይጥና ድመት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቅጾች በጣም ያስቃሉ፤ ሥዕሉም ያምራል።

ችግሩ ውሸቱ ከላይ የተጫነባቸው መሆኑ ላይ ነው። አባቶች ያዘዙት ነገር ስለሆነ ልጆቹ ቁጭ ብለው የልባቸውን ለመነጋገር የሚያጣድፋቸው የለም። ስለዚህ ደራሲው ገጹን በሌላ ነገር ይሞላዋል። ራኩ ከአሥር ዓመት በፊት ለአንዲት ልጅ ቃል ገብቷል፤ ማን እንደሆነች አያስታውስም። አንገቱ ላይ የተቆለፈ ጌጥ አለ፤ ቁልፍ ይዘው የሚመጡት ሴቶች ግን አንድ ሁለት እያሉ ይበዛሉ። እኔ 12ኛው ቅጽ ላይ አስቀምጬው ሁለት ወር ረሳሁት። ስመለስ ብዙም ያመለጠኝ ነገር አልነበረም፤ ይህን እንደ ምስጋናም እንደ ወቀሳም ውሰዱት።

የአዩኮ ሃታ «ዎልፍ ገርል ኤንድ ብላክ ፕሪንስ» («ተኩላዋ ልጅና ጥቁሩ ልዑል» እንደማለት) 16 ቅጽ ነው። እዚህ የዋሸችው ራሷ ኤሪካ ናት። አዳዲስ ጓደኞቿ እንዳይርቋት ቦይፍሬንድ አለኝ ትላለች፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን ቆንጆ ልጅ ፎቶ አንስታ ታሳያቸዋለች። ልጁ የራሷ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ ይገኛል! በርዕሱ ያለው ተኩላም ከዚህ ይመጣል፤ «ተኩላ መጣ» እያለ መንደሩን ያታለለውን እረኛ አስታውሱ። ልጁ፣ ስሙ ኪዮያ ነው፣ ሊተባበራት ይስማማል፣ ግን «ውሻዬ ከሆንሽ» ብሎ። የእሱ ክፋት ያላስቻለው አንባቢ 1ኛው ቅጽ ላይ ይተወዋል፤ አልፈርድበትም። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ፣ የማስመሰሉ ክፍል ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የምታነቡት ስለ እውነተኛ ጥንዶች ነው።

የእኔ ምርጫ የቱናሚ ኡሚኖ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ «ዘ ፉል ታይም ዋይፍ ኢስኬፒስት» ይባላል፤ የጃፓንኛው ርዕስ «መሸሽ ያሳፍራል፣ ግን ይጠቅማል» እንደማለት ነው። ሚኩሪ የተማረች ናት፣ ሥራ ግን የላትም። ሂራማሳ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሴት ቀርቦ አያውቅም። ቤቱን እንድታጸዳ ይቀጥራታል። ወላጆቿ ከከተማ ሊወጡ ሲሉ ሥራው እንዳይቀርባት «ለምን በደመወዝ አንጋባም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለዘመድ ለወዳጅ ባልና ሚስት፣ ቤት ውስጥ አሠሪና ሠራተኛ።

ውሸቱን ሁለቱም ፈልገው፣ ተወያይተው፣ በውል አስረውታል። ስለዚህ ትንሿ ለውጥ ሁሉ ድርድር ይጠይቃል። መተቃቀፍ እንኳ ቀን ተቆርጦለት ነው! ለዚህ ነው ቀርፋፋነቱ የማይሰለቸው፤ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ያስከፍላቸዋል። ከሥር ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ፍቅር ከመጣ ለምግብ ማብሰሉና ለልብስ ማጠቡ የሚከፈለው ደመወዝ ይቀራል ወይ? ይህን እናቴ ብታነበው ብዙ የምትለው ይኖራት ነበር። ማንጋው በ2015 ኮዳንሻ የተባለው የጃፓን አሳታሚ የሚሰጠውን የማንጋ ሽልማት አግኝቷል። በ2016 የተሠራው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ጥንዶቹን የተጫወቱት ዩዪ አራጋኪና ጌን ሆሺኖ በ2021 የምራቸውን ተጋብተዋል።

አሁን ወደ ግዢው። የትምህርት ቤት ሳቅና ሆይ ሆይታ ለሚወድ ታዳጊ ስጦታ ከሆነ ኒሴኮይን ግዙ፤ ግን 25ቱን በአንዴ አይደለም። ሦስት ቅጽ ሞክሩ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ትዳር የቀመሰ ወይም ሊቀምስ ያሰበ ሰው የኡሚኖን 11 ቅጽ ይያዝ፤ እንግሊዝኛውን በዲጂታል ፈልጉት። በወረቀት ካልሆነ አላነብም የምትሉ ኒሴኮይና ዎልፍ ገርል ይቀሯችኋል። ለጀማሪ ስጦታ የምትሰጡም ከሆነ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ንገሩት፤ የእኔ ታናሽ እህት ከመጨረሻው ገጽ ጀምራ ማን ከማን እንደሚሆን አውቃ መጣች።