«ፕላስቲኩን እንዳያወልቁት» ያለኝ ልጅ

ትናንት ከቀትር በኋላ ከባሕር ዳር አንድ ፍራሽ መሸጫ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ንዴቱ እጄን አንቀጥቅጦት ቁልፉን ማስገባት አቃተኝ። ዛሬም አልበረደልኝም።

ገበያ ለገበያ የምንዞር ሰዎች ኑሯችንን ታውቁታላችሁ። አሮጌ ሚኒባስ አለችኝ። የኋላ ወንበሮቿን አውጥቼ በኮምፔንሳቶ አልጋ አሠርቼባታለሁ። ከዳንግላ እስከ ደብረ ማርቆስ ስንዞር እኔና የእህቴ ልጅ እዚያው እናድራለን። የአልጋ ቤት ወጪ ይቀራል፣ ዕቃውም ይጠበቃል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አሮጌው ፍራሽ ስላለቀ አዲስ ልገዛ ገባሁ። ሻጩ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ ይግቡ፣ ማየት በነፃ ነው» የሚለው ዓይነት ነው። ስፖንጁን በጡጫው መታ መታ ያደርጋል፣ 9,500 ብር ብሎ ይጀምራል፣ 8,700 ላይ «ለእርስዎ ስል» ይላል። ለመኪና መሆኑን ነገርኩት። «ለመኪናማ ይኸው ነው፤ እርጥበት የሚባል አያውቅም» አለኝ።

ከዚያ እኔው ጠየቅኩት። እጄን ፕላስቲኩ ላይ አድርጌ «ይህንንስ ላውልቀው ወይ?» አልኩ። እጄን ያዝ አድርጎ «በጭራሽ እንዳያወልቁት ጋሼ! ፕላስቲኩ ከወለቀ ዋስትና የለውም» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ተኛንበት። ብርዱን ፈርተን መስኮት ዘግተን ነው የምናድረው። ጠዋት መስታወቱ ያልበዋል፣ አንሶላው ይረጥባል። የእህቴ ልጅ ማሳል ጀመረ። ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላሁለት። ሽታ ሲመጣ ደግሞ የረጠበ ካልሲ መሰለኝ። ባለፈው ማክሰኞ እንጅባራ አድረን፣ የወደቀ ስልክ ልፈልግ ፍራሹን ብድግ አደረግኩት። ከሥሩ ውሃ ቋጥሯል። ኮምፔንሳቶውን በመዳፌ ስጠርገው ይንጠባጠባል። ፕላስቲኩን ብቀደው ስፖንጁ በጥቁር ሻጋታ ተወሯል። ያ ልጅ አፍንጫውን እዚያ ላይ ደፍቶ ነበር የሚያድረው።

አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በቆዳው ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል። ሁለት ስንሆን ግማሽ ሊትር። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የሐምሌ ሌሊት ላሜራውን በረዶ ያደርገዋል። ሙቁ እርጥበት ቀዝቃዛውን ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ልክ እንደ ድስት ክዳን። ፕላስቲኩ በመጋጠሚያውና በተቀደደው ጥግ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶ ግን አያስወጣም። ከሥሩ ያለው ጣውላም ድፍን ነው፤ ነፋስ በየት ይግባ?

የሚያንገበግበኝ የገበሬ ልጅ መሆኔ ነው። አባቴ ጎተራውን በድንጋይና በእንጨት ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚያቆመው እህሉ እንዳይሻግት ነበር። የእናቴ ጠፍር አልጋ ከሥሩ ክፍት ነው፤ ስንት ክረምት ሲያልፍበት ሻግቶ አላየሁም። ይህን ሁሉ እያየሁ አድጌ የአንድ ሻጭ ምላስ አመንኩ። የሰው ልጅ ይዤ፣ አንድ ቀን እንኳ ከሥሩ ገልጬ አላየሁም።

ትናንት ፍራሹን ጭኜ ወሰድኩት። ሻጩ ልጅ በር ላይ ነው የቆመው። «ጋሼ» ብሎ ሊጀምር ሲል ፍራሹን አየና ፊቱ ተለወጠ። ወደ ውስጥ ዞሮ «ኑ እዩ፣ ከነፕላስቲኩ ነው የተኛበት!» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ተሳሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «አንተ ሰውዬ፣ ፕላስቲክ ላይ ይተኛል እንዴ? ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለህ?» አለኝ።

«አንተ ነህ እንጂ!» አልኩት።

«እኔ? መቼ?» አለ። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚለኝ። እኔን «እርስዎ» ሲል የነበረው፣ እጄን ይዞ የመከረኝ ያው ልጅ።

ባለቤቱ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ደረሰኜን በጣቱ ነካ አደረገልኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለበት። አንዷ ሠራተኛ ደግሞ «በረኪና ይቀቡት» አለችኝ እየሳቀች። በረኪና ላዩን ያነጣል እንጂ ስፖንጅ ውስጥ የገባውን ሻጋታ መቼ ያወጣል! ሰው ታሞ ሲነግሯቸው እንኳ አንዳቸውም «ልጁ እንዴት ነው?» አላሉኝም።

እንደ እኔ መኪና ውስጥ የምታድሩ ሁሉ፣ ፕላስቲኩን ዛሬውኑ አውልቁት። ድፍኑን ጣውላ በቀርከሃ ርብራብ ቀይሩት፤ እንጅባራ ቀርከሃ ሞልቷል። ዝናብም ቢሆን መስኮት ግራና ቀኝ ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ፣ ጠዋት ፍራሹን አቁሙት። ውስጡ የጠቆረ ስፖንጅ ከሆነ ግን ጣሉት።

እኔ ሰኞ ደረሰኙን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የእህቴን ልጅ ትናንት ማታ እናቴ ዘንድ ወስጄ ጠፍር አልጋዋ ላይ አስተኛሁት። ሳሉ ገና አልለቀቀውም።