አካውንቲንግ ወይስ ማርኬቲንግ? መንግሥት እጁን ሲያስገባበት

ንግድ ለመማር የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ምርጫ ላይ ይቆማል። በትምህርት ክፍያም በቆይታም ያን ያህል አይራራቁም፤ ዋናው ልዩነት ቁጥጥሩ ላይ ነው።

መግቢያው፦
አካውንቲንግ፦ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም። የኦዲት ሪፖርት ላይ ለመፈረም በአብዛኛው አገር ተጨማሪ ፈተና፣ የሥራ ልምድና ፈቃድ ይጠየቃል።
ማርኬቲንግ፦ በአብዛኛው ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ደስ ይላል፤ ግን ተፎካካሪያችሁም ማንም ነው ማለት ነው።

ስጋቱ፦
አካውንቲንግ፦ ፊርማ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በ2001 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ማጭበርበር ሲወድቅ፣ ሒሳቡን መርምሮ ይፈርምለት የነበረውን አርተር አንደርሰን የተባለ የኦዲት ድርጅትም ይዞት ወደቀ። በዓመቱ አሜሪካ ሳርባንስ ኦክስሊ የተባለውን ሕግ አወጣች፤ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስፈጻሚና የፋይናንስ ኃላፊ የሒሳብ ሪፖርቱን በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ግድ ሆነ።
ማርኬቲንግ፦ ልቅ የሚመስለው ከሩቅ ነው። አሳሳች ማስታወቂያ ያስቀጣል። የደንበኛን ኢሜይልና ስልክ እንዳሻችሁ ብትጠቀሙ ደግሞ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ሕግ ኩባንያውን ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው እስከ 4 በመቶ ሊያስቀጣው ይችላል።

ቅለቱ፦ ዴቢትና ክሬዲት (እያንዳንዱ ሒሳብ የሚመዘገብባቸው ግራና ቀኝ ጎኖች) መጀመሪያ ላይ ራስ ያዞራል። ግን ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ያስረዳው የሒሳብ አያያዝ መሠረት ዛሬም ይሠራል፤ የማርኬቲንግ መሣሪያዎች ግን ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ።

ደንብ ማንበብ የማይሰለቻችሁና ቁጥር ካልገጠመ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ አካውንቲንግ። ሰው የሚገዛበትን ምክንያት ማሳደድ ከወደዳችሁ ማርኬቲንግ። ሁለቱም እኩል ካማራችሁ ግን እኔ በአካውንቲንግ ጀምሩ እላለሁ፣ ምክንያቱም ማርኬቲንግ ሥራ ላይ ሆኖም ይለመዳል፤ ያለ ትምህርት የኦዲት ፈቃድ ማግኘት ግን ከባድ ነው።