ልጄ የጥርስ አሻራ ሰጠች፤ አገልግሎቱ እንዴት ነበር?

የ7 ዓመት ልጄን ለተለመደው ምርመራ ወደ ጥርስ ሐኪም ይዣት ሄድኩ። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሟ «የጥርስ አሻራም እንውሰድላት?» አለችኝ። አልገባኝም። ለምን እንደሚጠቅም ስጠይቃት ልጅቷ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ልጅ ቢጠፋ ወይም ከባድ አደጋ ቢደርስ ማንነቱን ለመለየት ይረዳል አለችኝ። ይህን መስማት ለወላጅ ይከብዳል፣ ሆዴ ባባ። ግን እሺ አልኩ። በማለቴም ደስ ብሎኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የፈረስ ኮቴ ቅርፅ ያላት ስስ ፕላስቲክ አለች። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር ተደርጋ ትለሰልሳለች፣ ትንሽ በረድ ስትል ልጁ አፍ ውስጥ ትገባለች። «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ጥብቅ አድርገሽ ንከሺ፣ እንዳትለቂ» አለቻት። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ነከሰች። ወዲያው አለቀ። መርፌ የለ፣ ሕመም የለ። ፕላስቲኳ ስትቀዘቅዝ ትደርቃለች፣ የጥርሱም ምልክት እዚያው ላይ ይቀራል።

ቤት ስገባ መብራት ሥር አድርጌ አየኋት። የልጄ አፍ በዚያች ቀን ምን ይመስል እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከላይ አንዱ የፊት ጥርስ ወጥቷል፣ ከጎኑ ያለው ገና ስለሆነ ቦታው ለስልስ ብሎ ቀርቷል። ከታች ሁለቱ አዲስ የፊት ጥርሶች ትንሽ ተጣመው ነው የወጡት፣ ጠመም ማለታቸው እንኳ ተቀርጿል። ከኋላ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ሰፋ ያሉ ጉድጓዶች አሉ። እነዚህ በ6 ዓመት ገደማ የሚወጡት የመንጋጋ ጥርሶች ናቸው። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ ስለሚበቅሉ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስሉታል፣ እኔም እስከዚያች ቀን እንደዚያ ነበር የማስበው።

ለምን ጥርስ? የጥርስ የላይኛው ሽፋን በሰውነታችን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው፣ እሳትም ውሃም ቶሎ አያጠፋውም። ኢንተርፖል በጅምላ አደጋ የሞቱ ሰዎችን ለመለየት ዋና ብሎ የሚያስቀምጣቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የጣት አሻራ፣ ጥርስና ዲኤንኤ። ጥርስ ግን ብቻውን ስም አይናገርም። ከሚመሳከርበት የቀድሞ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት። አዋቂ ሰው የተሞላ፣ የተነቀለ፣ ሽፋን የተደረገለት ጥርስ ስለሚኖረው ማመሳከሪያው ብዙ ነው። ጥርሱ ጤነኛ የሆነና ሐኪም ጋ እምብዛም ያልሄደ ልጅ ግን ምን መዝገብ አለው? ይህች ፕላስቲክ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ከጥርስ ዕድሜ መገመት ሌላ ነው፣ ማንነትን መለየት ሌላ ነው። ዕድሜ መገመቱ የቆየ ሥራ ነው። የእንግሊዝ ሕግ በ1833 ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠሩ ሲከለክል ዕድሜያቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት አልነበረም፣ እና ኤድዊን ሳንደርስ የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1837 ከቁመት ይልቅ ጥርስ ዕድሜን በተሻለ እንደሚናገር አሳየ። በ1973 ደግሞ ዴሚርጂያን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በታችኛው መንጋጋ በግራ በኩል ያሉትን 7 ጥርሶች በኤክስሬይ እያዩ እድገታቸውን በ8 ደረጃ የሚከፍል ዘዴ አወጡ። እስካሁን ይሠራበታል። ይህ ሁሉ ግን «ልጁ 7 ዓመት ገደማ ነው» ይላል እንጂ «የእገሌ ልጅ ነው» አይልም። ለዚያ መዝገብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ድክመቱ። የልጅ አፍ አይረጋም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ድረስ 20ዎቹም የወተት ጥርሶች ወልቀው ይተካሉ። ስለዚህ ዛሬ የተነከሰችው ፕላስቲክ ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙም ላትመስላት ትችላለች። ሐኪሟ በ3 ዓመት፣ ከዚያ በ7 ወይም በ8፣ ከዚያ በ12 ወይም በ13 መደገም አለበት ብላኛለች። ሁለተኛ ነገር፣ ፕላስቲኳ የምትይዘው ከድድ በላይ ያለውን ጫፍ ብቻ ነው። ሥሩና ገና ድድ ውስጥ የሚያድገው ጥርስ የሚታየው በኤክስሬይ ነው፣ ለማመሳከርም ኤክስሬይ ይበልጣል። ለመዝገብ ብቻ ተብሎ ግን ልጅን ጨረር ሥር ማስገባት አልፈልግም። ለሕክምና የተነሳ ካለ ኮፒው እንዲቀመጥ መጠየቅ ይሻላል።

በአገልግሎቱ አንድ ነገር ቅር አሰኝቶኛል። ፕላስቲኳን የሰጡኝ በሚታሸግ ከረጢት ነው፣ ከረጢቱ ላይ ግን ስምም ቀንም አልጻፉም። ቀኑ ካልታወቀ ይህ የየትኛው ዕድሜ አፍ ነው? እኔው እስክሪብቶ ተቀብዬ ጻፍኩበት። ጥሩው ነገር ረዳቷ ልታጥባት ስትል ሐኪሟ ፈጥና «ተይው፣ አይታጠብም!» ማለቷ ነው። ምራቁ ላይ ዲኤንኤ ስላለ ሳትታጠብ ነው መታሸግ ያለባት። ደግሞ እዚያው አያስቀምጧትም፣ ለወላጅ ነው የሚሰጡት። የልጄ ዲኤንኤ ያለበት ዕቃ በእጄ መሆኑን ወድጄዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያናደደኝ ሌላ ቦታ የሆነው ነው። በ4 ዓመቷ አንድ ጥርሷን ያስሞላሁበት ክሊኒክ ሄጄ ካርዷ እንዲታይ ጠየቅኩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የተገኘው ካርድ ላይ ያለው «ጥርስ ታክሟል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የትኛው ጥርስ? እያንዳንዱ ጥርስ እኮ ቁጥር አለው። የወተት ጥርሶቹ ከ51 እስከ 85 ባሉት ቁጥሮች ነው የሚጠሩት፤ በታች በግራ የመጨረሻው የወተት መንጋጋ ለምሳሌ 75 ነው። «75 ተሞልቷል» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ያቺ ቁጥር አንድን ልጅ ከሌላው የምትለይ ልትሆን ትችላለች። ልጃችሁን ስታሳክሙ ቁጥሩ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ፣ ካልተጻፈም ጠይቁ።

ፕላስቲኳን ለማግኘት የማይመቻችሁ ደግሞ ልጁ ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ከቅርብ ፎቶ አንሱት። በየጊዜው፣ ቀኑ ሳይጠፋ። የፎረንሲክ ባለሙያዎች፣ ማለትም የሟችን ማንነት በምርመራ የሚለዩት፣ የፊት ጥርሶችን ከፎቶ ጋርም ያመሳክራሉ።

አገልግሎቱን እመክራለሁ፣ ቀን የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። የልጄ ከረጢት ከልደት ካርዷ ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው። ወንድሟ በቅርቡ 3 ዓመት ይሞላዋል፤ ወረፋውን ይዤለታለሁ፣ እስክሪብቶም ይዤ ነው የምሄደው።