የድሮዋ ዳትሰን 240ዜድ፦ የዘመዷ ሞተር ወይስ የስካይላይን?

240ዜድን ለመንገድም ለመኪና ውድድር ሜዳም ልትሠራት ካሰብክ ዋናው ጥያቄ ሞተሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ስትወጣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር ነበራት።

አንዱ አማራጭ ከእሷ በኋላ የወጣችው የዘመዷ፣ የ280ዜድ፣ 2.8 ሊትር ሞተር ነው። ከመጀመሪያው ሞተር ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ብዙ ሳያስቸግር ይገጠማል። ሦስት ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር ስትጨምርበት ድምፁ ልብ ይሰርቃል። ብርድ ላይ ግን ለመነሳት ያስቸግራል፤ ማስተካከሉም ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሌላው የኒሳን ስፖርት መኪና የሆነው የስካይላይን ጂቲ-አር ሞተር፣ አርቢ26 ነው። 2.6 ሊትር፣ ሁለት ቱርቦ፣ በወረቀት 280 የፈረስ ጉልበት። ያስጎመጃል። ጣጣው ግን ከሥር ይጀምራል። ስካይላይኑ በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ የፊት ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ከሞተሩ ዘይት መያዣ ጋር ተያይዟል። 240ዜድ ደግሞ የምትነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይት መያዣው የግድ ይቀየራል። ካምቢዮው፣ ራዲያተሩና ፍሬኑም ይከተላሉ።

እኔ 2.8ቱን እመርጣለሁ። መኪናዋ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ኩርባ ላይ የምታስደስተው በቅልጥፍናዋ ነው። የተረፈውን ገንዘብ ፍሬንና ሾክ አብዞርበር ላይ አውለው። ከሁሉ በፊት ግን ምንጣፉን አንስተህ ወለሉን እይ፤ እነዚህን መኪኖች የሚበላቸው ዝገት ነው።