ግንድ መቁረጫ ድጋፍ፦ አጣና በምስማር፣ አጣና በቡሎን ወይስ ብረት?

የጥር ሠርግ ሲቃረብ ጎጃም ውስጥ በየግቢው የባሕር ዛፍ ክምር ይታያል። ጠላውም፣ አረቄውም፣ ወጡም ፍልጥ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ግን ግንዱን ድንጋይ ላይ አጋድመን በእግራችን ረግጠን ነው የምንቆርጠው። አባቴ እንዲሁ ሲቆርጥ ግንዱ ተንከባለለና መጋዙ ቁርጭምጭሚቱን ቀደደው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ድጋፍ መጋዝ አንስቼ አላውቅም።

ድጋፉ ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት እንጨት በመስቀል ይጣመራል፣ እንዲህ ያለ ሁለት ጥንድ በአግዳሚ ይያያዛል፣ ግንዱም ከላይ በተፈጠረው ባላ ውስጥ ይተኛል። እግሩ 110 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከታች 70 ላይ ቢጣመር ከወገብ ትንሽ ዝቅ ስለሚል ጀርባ አያሳምምም።

በምስማር የተመታ አጣና ከሁሉም ይረክሳል፤ እንጨቱ ከጓሮ ነው፣ ሥራውም የግማሽ ቀን ነው። ችግሩ ባሕር ዛፉ ላይ ነው። እርጥብ ሳለ ከተመታ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ምስማሩ ይጣመማል እንጂ አይገባም። ለአንድ ድግስ ብቻ ከሆነ ይበቃል።

ያንኑ አጣና በትራፓኖ በስቶ በ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው። እንጨቱ ሲኮማተር ዳዶውን (ቡሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠበቀውን) ማጥበቅ ነው። ክረምት ሲገባ ፈትቶ ማድቤት ማስገባት ይቻላል፤ ምስጥና ዝናብ አያገኘውም። ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባ ቀለበት) አትርሱ፣ ያለሱ ዳዶው እንጨቱን እየበላ ይገባል። ለቤት የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ ይህን እለዋለሁ።

የተበየደ ብረት ጠንካራ ነው፤ ለብዙ ዓመት ይቆያል፣ ጎረቤት ሁሉ ይዋሰዋል። ነገር ግን መጋዝ አንዳንዴ ከመስመሩ ይስታል። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ብረት ሲነካ ጥርሱ ወዲያው ይደንዛል፣ ሊበጠስና ሰው ሊጎዳም ይችላል። የእጅ መጋዝም ቢሆን አይተርፍም። የእንጨት ድጋፍ ቢነካ ግን እንጨቱ ይቆረጣል እንጂ ሌላ ጉዳት የለም። ስለዚህ ብረት የምታሠሩ ከሆነ የባላው ውስጥ ጣውላ እንዲለበስ እዘዙ። እግሩ ሥርም ሰፊ ላሜራ ይበየድበት፤ አለዚያ የክረምት ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል።

ፋግታ ለኮማና እንጅባራ አካባቢ ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለውን የግራር ዓይነት) የምትቆርጡ ደግሞ ሐሳባችሁ ሌላ መሆን አለበት። ዲከረንስ ገና በአራትና በአምስት ዓመቱ ስለሚቆረጥ ግንዱ ቀጭን ነው፤ አምስት ስድስቱን አንድ ላይ አስሮ መቁረጥ ያዋጣል። ለዚህ ባላው ጥልቅ መሆን አለበት፣ ከማሳ ማሳ ስለሚዞርም ብረቱ ይከብዳችኋል። ቡሎኑ ይሻላል።

የጥንዶቹ ርቀት ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የምትቆርጡት ሁልጊዜ ከድጋፉ ውጭ በተረፈው ጫፍ በኩል ነው። በሁለቱ ጥንድ መሃል ከቆረጣችሁ ግንዱ ወደ ውስጥ ይጎብጥና መጋዙን ነክሶ ይይዘዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ከባድ ግንድ ጫኑበትና መጋዙ በሚሄድበት አቅጣጫ ግፉት። ከተወዛወዘ በእግሮቹ መካከል ሰያፍ ማጠንከሪያ ይጎድለዋል፤ እዚያው ያስገቡላችሁ።