እንደ ቅቤ የሚዞር ጎማ ስታዩ ቆም በሉ፦ ጅማ ውስጥ አሮጌ ቸርኬ ለምትገዙ

ከሁለት ወር በፊት 18,000 ብር ከፍዬ ጥንድ አሮጌ ቸርኬ ገዛሁ። ሞዞዎቹ፣ ማለትም ጎማው የሚዞርባቸው የመሐል ክፍሎች፣ የጣሊያኑ ኩባንያ ካምፓኞሎ የሠራቸው ሬኮርድ የሚባሉት ናቸው። የብስክሌት ፍቅር ያለበት ሰው ይህን ስም ሲሰማ እጁ ወደ ኪሱ እንደሚሄድ ሻጩም ያውቃል። «ተፈትቶ ታጥቧል፣ ግራሶው አዲስ ነው፣ ለዓመታት አትነካውም» አለኝና ጎማውን በመዳፉ መታ አድርጎ ለቀቀው። እንደ ቅቤ ዞረ። ለካ ሞዞውንም እኔንም ቅቤ ቀብቶናል።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ስወርድ የኋላው ጎማ ቡና እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንኳኳ ጀመር። ብስክሌቱን እየገፋሁ ተመለስኩና ከልጅነቴ ጀምሮ ወደማውቃቸው አዛውንት ጠጋኝ ወሰድኩት። ፐርኖውን፣ በሞዞው መሐል የሚያልፈውን ዘንግ፣ ሲያወጡ መጀመሪያ የታየው ንጹሕ፣ ቢጫ ግራሶ ነበር። በጣታቸው ጠረግ ሲያደርጉት ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ወጣ፤ መሐል መሐሉ ላይ የዝገት ውኃ ቀይ አድርጎታል። «ልጄ፣ ይህ አልታጠበም፤ ተሸፍኗል» አሉኝ።

በሞዞው ውስጥ የሚሽከረከሩትን የብረት ብዮች በጋዜጣ ላይ ዘርግተን ቆጠርናቸው። የሬኮርድ የኋላ ሞዞ በእያንዳንዱ ወገን 9 ብይ ይይዛል፤ የእያንዳንዳቸው ስፋት ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ የገዛሁት በአንድ ወገን 9፣ በሌላው 7 ነበረው፤ ከ7ቱ ውስጥ ሁለቱ ደግሞ ያነሱ ናቸው። ልጆች ብይ ሲጫወቱ የተረፈ ይመስላል። መጠናቸው ሲለያይ ክብደቱን ሁሉ ትልልቆቹ ይሸከማሉ፤ ትንንሾቹ ዝም ብለው ይንከባለላሉ፤ የተሸከሙትም የሚሄዱበትን ብረት ይበሉታል።

አዛውንቱ ቀጥለው እስክሪብቶ አምጣ አሉኝ። ጫፉን ብዮቹ በሚሽከረከሩበት ሾጣጣ ብረት ላይ በቀስታ አዞሩት። ደህና ቢሆን ኖሮ እንደ መስታወት ይንሸራተት ነበር። የእኔው ጠቅ፣ ጠቅ እያለ በየጉድጓዱ ገባ። ዓይን የማያየውን ጉድጓድ እስክሪብቶ ያገኘዋል። ሾጣጣው ብረት ይቀየራል፤ ችግሩ ውስጥ ያለው ጽዋ መሰል መቀመጫ ነው። እሱም ተቆፍሯል። መቀመጫው ከተበላ ለእንደዚህ ዓይነት አሮጌ ሞዞ ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው። በአጭሩ፣ 18,000 ብር የከፈልኩበት ነገር ግማሹ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። «አሮጌ ዕቃ ነው፣ አይተህ ገዛህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይቻለሁ። የነካሁት ግን ያሳየኝን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጎማ ሲዞር በማየት ብቻ አትግዙ። ወፍራም አዲስ ግራሶ የተቆፈረ ብረትን ድምፅ ለጊዜው ያፍናል፤ ጎማው በፍጥነት ሲዞር ደግሞ ጉድለቱ አይሰማም። ጎማውን ከብስክሌቱ አውጡና የፐርኖውን ሁለት ጫፍ በጣቶቻችሁ ይዛችሁ እጅግ በዝግታ አዙሩት። የተበላ ከሆነ አንድ ቦታ ይይዛል፣ ከዚያ ዱብ ይላል፣ እንደገና ይይዛል። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ መልሳችሁ ከመሬት አንሱትና የአየር መሙያው ወደ ጎን እንዲሆን አድርጋችሁ ልቀቁት። ሞዞው ደህና ከሆነ የአየር መሙያው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርድና እንደ ዥዋዥዌ ወዲያ ወዲህ ሲል ይቆያል፤ የታመመ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሻጩ «አትፍታው» ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሞዞ አንድ ወገን ለመፍታት ስስ መፍቻና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

«ሙሉ ሰርቪስ» እያሉ ብር የሚቀበሉትንም እንዲሁ ጠይቋቸው። ብዮቹ ወጥተው በነጭ ጋዝ ካልታጠቡ፣ መቀመጫው በጨርቅ ካልተወለወለና ብዮቹ በአዲስ ካልተተኩ ሰርቪስ አይባልም። ብይ ርካሽ ነው፤ አሮጌውን መልሶ የሚከት ሰው ለምን እንደሚቆጥብ አይገባኝም። ከጎን በኩል ዝገት ማላቀቂያ የሚረጩ አሉ፤ እሱ ያለውን ግራሶ አቅጥኖ ያፈሰዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጨምሩም አይቻለሁ፤ በውስጡ የብረት ብናኝ አለ። የኋላው ጥርስ ያለበት ክፍል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ውስጡ በስፕሪንግ የሚነሱ ትንንሽ ምላሶች ስላሉት ቀጭን ዘይት እንጂ ወፍራም ግራሶ አይወድም። ምላሶቹ ተጣብቀው ካልተነሱ ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል፤ ፊታችሁም ማኑብርዮ (የብስክሌቱ መሪ) ላይ ያርፋል።

ሲገጠምም አስተውሉ። በእጀታ ተከፍቶ የሚዘጋው ማጥበቂያ ሲጠብቅ ፐርኖውን ጨመቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከመጥበቁ በፊት ጥቂት መላወስ መኖር አለበት። በጠረጴዛ ላይ ፍጹም የሆነ ሞዞ ብስክሌቱ ላይ ሲታሰር ከልኩ በላይ ይጠብቅና ራሱን ይበላል። ይህን ማጥበቂያ የፈጠረው የካምፓኞሎ ኩባንያ መሥራች ቱሊዮ ካምፓኞሎ ራሱ ነው ይባላል። ፐርኖ፣ ራጂ፣ ካቴና፣ ዳዶ፣ ግራሶ፦ ቃላቱን ሁሉ ከጣሊያኖች ወርሰናል፤ አያያዙን ግን አልተማርንም።

የጅማ ሰው ሆናችሁ ብስክሌት ላቫጆ የምትወስዱም አላችሁ። እባካችሁ ተዉት። እነዚህ አሮጌ ሞዞዎች ያላቸው መከላከያ ስስ የብረት ክዳን ብቻ ነው፤ በግፊት የሚወጣው ውኃ በቀጥታ ብዮቹ ጋ ይደርሳል። የእኛ ዝናብ ብቻውን ይበቃቸዋል። ክረምቱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ፈትታችሁ ግራሶ ቀይሩ።

የፊተኛው ሞዞዬ ተርፏል፤ አዲስ ብይ ገብቶለት እየነዳሁበት ነው። ባለፈው ሐሙስ ለሂርማታ ገበያ ወጥቼ ስመለስ በዚያው ሱቅ በር አለፍኩ። ሌላ ጥንድ ቸርኬ ተሰቅሏል። ሻጩ ውስጥ ስለነበር የአንዱን ፐርኖ በሁለት ጣቴ ይዤ በዝግታ አዞርኩት። ያዘ፣ ዱብ አለ፣ ደግሞ ያዘ። ጣቴን ሳየው አዲስ፣ ቢጫ ግራሶ ነክቶታል።